መርፌ መውጋት ልማር አስመራ የሄድኩ ጊዜ

የቆቦ ሰዎች፣ በየመንገዱ እያቆማችሁ «አስመራ እንዴት ናት?» ትሉኛላችሁ። ቆሜ ሳወራ እግሬ ይደነዝዛል፤ ተቀምጬ ሳወራ ደግሞ እናንተ ታቋርጡኛላችሁ። ስለዚህ ጻፍኩት። ዳዊት ደግሜ ፊደል ለየሁ እንጂ የጽሕፈት ሰው አይደለሁም። ማንበብ የሚችል ለማይችለው ያንብብለት፤ ከራሱ ግን አይጨምር።

የሄድኩበትን ምክንያት ታውቃላችሁ፤ ግን ልድገመው። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ውሃ አላጠግብ አለኝ። አንድ እንስራ ለሁለት ቀን አይበቃኝም ነበር። ሱሪዬ ከወገቤ መውረድ ጀመረ። ከቤቴ ጀርባ ሽንቴን የሸናሁበት ላይ ጉንዳን ይሰለፍ ጀመር። የክሊኒካችን ድሬሰር ሽንቴን በብልቃጥ ከሰማያዊ ውሃ ጋር ቀላቅሎ እሳት ላይ ቢያሞቀው እንደ ሸክላ ቀላ።

«ጋሼ፣ ስኳር ነው። ክኒኑን ሞከርነው፣ አልሆነም። መርፌ ያስፈልግዎታል። በየቀኑ።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ ዕለተ ሞትዎ። ካልወሰዱት ደግሞ ክረምቱን የሚያዩት አይመስለኝም።»

«ማን ይወጋኛል?»

«ራስዎ! እኔ መቀየሬ ነው። ሆስፒታል ሄደው ተምረው ይምጡ።»

ደሴ ይሻላል ያላችሁኝ ብዙ ነበራችሁ። እኔ ግን ልጄ ግርማ አስመራ የጦር ሠራዊት ቢሮ ጸሐፊ ነውና አስመራ አልኩ። ደብዳቤም ጻፍኩለት። ልጄ አጠገቤ ቁጭ ብሎ መርፌውን ያሳየኛል ብዬ ነበር የማስበው።

አንደኛው ቀን።

ዓቢይ ጾም ከገባ ሁለተኛው ሳምንት ነበር። ጭብጦዬን በጨርቅ ቋጥሬ፣ የውሃ ኮዳዬን አንግቼ ከደሴ በሚመጣው አውቶቡስ ተሳፈርኩ። አላማጣን አልፈን ወደ ኮረም መውጣት ስንጀምር «አቁምልኝ» አልኩ። ሹፌሩ አቆመ። ኮረም ላይ ደግሞ አስቆምኩት። ማይጨው ሳንደርስ ሦስተኛ ጊዜ ስጠይቀው በመስታወቱ እያየኝ፣

«አባት፣ ይኼ ሁሉ ውሃ ማሳ ቢያገኝ ስንት ቁና ጤፍ ያበቅል ነበር!» አለኝ።

አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። እኔም «እሱን ተውና አቁም» አልኩት። አቆመ። ከዚያ ወዲያ ግን ሳልጠይቀው እየቆመ «አባት፣ ማሳው ደርሷል» ይለኝ ነበር። ደግ ሰው ነው፤ አፉ ነው እንጂ።

ኮረም ብርድ ነው። እኛ ቆቦ ላይ ጥላ ፍለጋ ስንሯሯጥ እዚያ ሰው ፀሐይ ፍለጋ ግድግዳ ይለጠፋል። መቀሌ አደርን። ያሳደረችን ሴትዮ ሁኔታዬን አይታ ሳልጠይቃት አንድ ባልዲ ከአልጋዬ ሥር አስቀመጠችልኝ፤ ጠዋትም ቃል ሳይወጣት አወጣችው። ስሟን አልጠየቅኋትም፤ ይቆጨኛል።

ሁለተኛው ቀን።

ከአዲግራት በኋላ አገሩ ድንጋይ ነው። ሰንዓፈ አጠገብ ያለው ገደል ሰው የካበው ይመስላል። ከዚያ ወዲያ ወታደሮች አስቆሙን። ሰው ሁሉ ወርዶ ተፈተሸ። እኔን ግን አንዱ ወታደር አማርኛዬን ሲሰማ «አባቴ፣ እርስዎ ይቀመጡ» አለኝ። ሌሎቹን እንዲህ አላላቸውም። እስከዚያ ድረስ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት በትግርኛ ስታወራኝ፣ እኔም በአማርኛ ስመልስላት፣ ሳንግባባ ደስ ብሎን ነበር የምንሄደው። ተፈትሻ ስትመለስ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ደቀምሓረ ላይ ስትወርድም ደህና ሁን አላለችኝም። ምን በደልኳት ብዬ ብዙ አሰብኩ። የተቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ የቆመችው እሷ ናት። ሌላ በደል አላገኘሁም።

አስመራ ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረስን። ግርማ በደብዳቤ የላከልኝን አድራሻ እያሳየሁ ማይ ጭሆት ወደሚባለው ሰፈር ሄድኩ። ቤቱን የከፈተችልኝ ነጭ የለበሰች፣ ሹሩባ የተሠራች አሮጊት ናት። ወይዘሮ ለተብርሃን ትባላለች። ባሏ የሞተባት ናት፤ ልጄ የእሷን አንድ ክፍል ተከራይቶ ነው የሚኖረው።

«ግርማ አለ?» አልኳት።

«ኣቦይ፣ አባቱ ነዎት? ዋይ! ግርማ የለም። ከረን ቀየሩት። ትናንት ወዲያ ሄደ።»

በሁለት ቀን ተላለፍን። ደብዳቤዬ ደግሞ ሳይከፈት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

ክፍሉን ከፈተችልኝ። አንድ የሽቦ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ አንድ ምስማር። ምስማሩ ላይ የግርማ አሮጌ ቀበቶ ተንጠልጥሏል። ቀበቶውን አውርጄ ሱሪዬን አጠበቅሁበት። ከመጨረሻው ቀዳዳም አልፎ ሌላ ቀዳዳ አስፈለገኝ።

ሦስተኛው ቀን።

ሆስፒታል በእግሬ ሄድኩ። መንገዱ ተጠርጓል፤ የእግረኛው ለብቻ፣ የማኪናው ለብቻ ነው። ዛፎቹ በሰልፍ ቆመዋል። እኛ ቆቦ ላይ ከቤቴ እስከ ገበያው ድረስ ስሄድ ሃያ ሰው ያስቆመኛል፤ እንደማማርራችሁ ታውቃላችሁ። አስመራ ላይ ከማይ ጭሆት እስከ ሆስፒታሉ ድረስ ማንም አላስቆመኝም። መንገድ የጠየቅሁት ጎረምሳ እንኳ አማርኛዬን ሲሰማ በእጁ ብቻ አሳይቶኝ ሄደ። ያን ቀን የእናንተ ወሬ ናፈቀኝ። ይህን ለጎረቤቴ ለካሣ አታንብቡለት፤ ይኮራብኛል።

ሐኪሙ ፈረንጅ ነው፤ በጉሮሮው ይናገራል። አስተርጓሚዬና አስተማሪዬ ሲስተር ጽጌ የምትባል ነርስ ናት። አማርኛን በትምህርት ቤት የተማረች ስለሆነች ከእኔ ይልቅ እሷ ጥንቅቅ አድርጋ ትናገራለች።

«ኣቦይ፣ ቁጥር ያነባሉ?»

«በግዕዝ።»

«ይህ የፈረንጅ ነው።»

«እንግዲያው አላነብም።»

የመስታወቱን መርፌ በብርሃን አቅጣጫ ይዛ አሳየችኝ። «መስመሮቹን ይዩ። አጭር አለ፣ ረጅም አለ። ለጊዜው የመጀመሪያዋ ረጅም መስመር ድረስ። ከሦስት ቀን በኋላ ሁለተኛዋ ረጅም መስመር ድረስ። ቁጥሩን ይተዉት። መስመር ይቁጠሩ።»

ከዚያ አንድ ብርቱካን ሰጠችኝ። ውሃ በመርፌው እየሳብኩ ብርቱካኑን እንድወጋ ነው። ስልሳ ስምንት ዓመት የኖረ ሰው ከሰው ፊት ተቀምጦ ብርቱካን ሲወጋ አስቡት! አጠገቤ ተራ የሚጠብቅ አንድ ሽማግሌ «ምን አድርጎት ነው?» ብሎ ጠየቀ። «ቂም አለን» አልኩት። በመላ አስመራ ያን ቀን ያሳቅኩት ሰው እሱ ብቻ ነው።

ብርቱካኑ እንደ ወንፊት ሆነ። የመጀመሪያውን የእኔን መርፌ እሷው ወጋችኝና አንድ ባኒ ሰጠችኝ። ባኒ የሚሉት ክብ ዳቦ ነው፤ ወተትም ቅቤም የለበትም።

«አሁኑኑ ይብሉ። መርፌው ከገባ ምግብ መግባት አለበት። ግዴታ ነው።»

«እሺ» አልኩ።

እሺ ስል ልቤ እምቢ ብሏል። ጠዋት ነው። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ በዓቢይ ጾም ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል ቀምሼ አላውቅም። ባለቤቴ በሞተችበት ሳምንት እንኳ ሰዓቴን ጠብቄያለሁ። ለነርስ ብዬ ላፈርስ ነው? ዞር ስትል ባኒውን ጋቢዬ ውስጥ ከተትኩት።

አራተኛውና አምስተኛው ቀን።

እንደዚያው ነው። ጠዋት ሆስፒታል፣ ብርቱካን፣ መርፌ፣ ባኒ ወደ ጋቢ። ማታ ማታ ባኒዎቹን ለወይዘሮ ለተብርሃን ልሰጣት አስብና «ከየት አመጡት?» ብትለኝ ምን እላታለሁ ብዬ እተወዋለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሽሮ ታቀርብልኛለች። ሽሯቸው ከእኛ ይልቅ ይቀላል፤ ያቃጥላል። እሷ ከወዲያ ገበታ፣ እኔ ከወዲህ እንበላለን። ከልጄ በለቀመችው አማርኛ «ግርማ ደሓን ልጅ ነው፤ ግን አይስቅም» አለችኝ። በእኔ ወጥቶ ነው አልኳት።

መምጣቴን ወይዘሮ ለተብርሃን ለግርማ ቴሌግራም አስደርጋለት ነበር፤ አምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ መልሱ መጣ። «ፈቃድ አልተገኘም መንገድም አስጊ ነው ጤናዎን ይጠብቁ» ይላል። ይኸው ነው። ደጋግሜ አነበብኩት፤ አጭር ስለሆነ ቶሎ ያልቃል።

ስድስተኛው ቀን።

ይህን ቀን በደንብ ስሙ።

ጠዋት ሲስተር ጽጌ «ዛሬ ሁለተኛዋ ረጅም መስመር። ዛሬ ራስዎ» አለችኝ። ሱሪዬን ሰብስቤ ጭኔን ያዝኩ። ብርቱካን ዝም ብሎ ይወጋል፤ የራስ ሥጋ ግን ያያችኋል። ዓይኔን ሳልጨፍን ወጋሁት። «ጎበዝ!» አለችኝና ባኒዬን ሰጠችኝ። ወደ ጋቢዬ ገባ፤ አራተኛው መሆኑ ነው።

ወይዘሮ ለተብርሃን «መርፌዎ የሚቀቀልበት ቆርቆሮ መደበር ያሠሩ» ብላኝ ነበርና ወደዚያው ሄድኩ። መደበር ማለት አሮጌ ብረት አዲስ የሚሆንበት ገበያ ነው። በርሜል ምጣድ ይሆናል፤ የማኪና ጎማ ጫማ ይሆናል። መዶሻው ከሩቅ ይሰማል። እኛ ቆቦ ላይ የተቀደደ ጣሳ እንጥላለን፤ እነሱ ግን አንድ ምስማር አይጥሉም።

ሳልሕ የሚባል ቆርቆሮ ሠሪ አገኘሁ፤ ጢሙ ሽበት የጀመረው እስላም ነው። መርፌዬን አሳይቼ ልኩን ነገርኩት። የቲማቲም ጣሳ ቆርጦ መቀጥቀጥ ጀመረ። ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ሰውነቴ ራደ። ላብ ከጆሮዬ ሥር ወረደ። መዶሻው ጭንቅላቴ ውስጥ የሚመታ መሰለኝ። ንዴት ያዘኝ።

«ጠማማ ነው!» አልኩት።

«ምኑ?»

«ክዳኑ ጠማማ ነው። ዓይን የለህም?»

«ኣቦይ፣ ክዳኑን ገና አልሠራሁትም።»

«ስትሠራው ይጣመማል!»

ሳቀብኝ። እሱ የነገረኛ ደንበኛ ንዴት መሰለው። እኔም ራሴ የተለመደው ንዴቴ መሰለኝ። ልነሳ ስል መሬቱ ከዳኝ።

ስነቃ ጢሜ ጣፋጭ ሆኖ ተጣብቋል። ሳልሕ ጭንቅላቴን ጭኑ ላይ አድርጎ ስኳር የበዛበት ሻሂ በማንኪያ ያፈስልኛል። አፌን ገጠምኩ።

«ስኳር ተከልክያለሁ» አልኩት በጥርሴ መሃል።

«ይዋጡት።»

«ጾም ነኝ።»

«ይዋጡት አልኩ!»

ዋጥኩት። ሳልሕ ጋቢዬን ሲያላላ ባኒዎቹ አንድ በአንድ ተንከባለሉ። የመጀመሪያው ደርቆ እንደ ድንጋይ ቆርቆሮው ላይ ጮኸ።

«ኣቦይ፣» አለኝ ሳልሕ፣ «ሰው አራት ባኒ ታቅፎ በረሃብ ይወድቃል?»

መርፌዬን ከመሬት አንስቶ በጨርቅ ጠረገው። «ይህን አውቀዋለሁ። ወንድሜ ምጽዋ ወደብ ይሠራ ነበር። ይኸው መርፌ ነበረው። በረመዳን ጠዋት ወግቶ ይጾም ነበር። ሐኪሙ ተቆጣው፤ እኔ ለመንኩት፤ ሼኩ ሳይቀር በሽተኛ አይጾምም አለው። እምቢ አለ። እንደ እርስዎ ነበር።»

«አሁን የት ነው?»

«እዚያው ምጽዋ ቀበርነው።»

ከባኒዎቹ የዛሬውን መርጦ ለሁለት ቆርሶ እጄ ላይ አስቀመጠው። ፀሐይዋ አናት ላይ ናት። ገና ስድስት ሰዓት ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ የጠበቅሁትን ነገር እዚያ ብረት መሃል፣ በማላውቀው አገር፣ ማንም የእኔ የምለው ሰው ሳያየኝ አፈረስኩት። ዓይኔ ውሃ ሞላ። ላብ ነው አልኩት። እሱም ላብ ነው አለ።

ሰባተኛው ቀን።

ለሲስተር ጽጌ ሁሉንም ነገርኳት። ተቆጣች መቆጣት! የተማረ አማርኛዋ ጠፍቶ በትግርኛ ብቻ ወረደችብኝ። ቃሉ ባይገባኝም ትርጉሙ ገባኝ። ስትበርድ፣

«ከመውደቅዎ በፊት ምን ተሰማዎት?» አለችኝ።

«ንዴት።»

«ከወትሮው የተለየ ንዴት?»

አሰብኩ። «አይደለም» አልኳት።

ያን ጊዜ እሷም ሳቀች። «እንግዲያው በተናደዱ ቁጥር ስኳር ይቅመሱ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ኪሴ ውስጥ ስኳር አይጠፋም። ስትሟገቱኝ ኪሴን የምዳብሰው ለዚህ ነው።

ማታ ለወይዘሮ ለተብርሃንም ነገርኳት።

ከስምንተኛው እስከ አሥራ አንደኛው ቀን።

በማግሥቱ ጠዋት መርፌዬን ወጋሁና ባኒዬን ይዤ ክፍሌ ውስጥ ተቀመጥኩ። ሰው ሁሉ በሚጾምበት ሰዓት ለብቻ መብላት እንደ ሌባ መብላት ነው። በሩ ተንኳኳ። ወይዘሮ ለተብርሃን ገበታ ይዛ ገባች። ከፊቴ አንድ ሳህን፣ ከፊቷ ሌላ ሳህን አስቀመጠች። የእሷ ሳህን ባዶ ነው።

«እርስዎ ይብሉ፤ እኔ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እበላለሁ» አለችኝ።

«ታዲያ ሳህኑ ምንድን ነው?»

«ብቻዎን እንዳይሆኑ።»

በየጠዋቱ እንዲሁ አደረገች። እኔ ስበላ እሷ ባዶ ሳህኗ ፊት እጇን አጣጥፋ ትቀመጣለች። ስለ ሞተው ባሏ፣ ስለ ውሃ ቧንቧው፣ ስለ ዝናብ መቅረት ታወራኛለች። የማይገባኝን ትግርኛ ሁሉ «እወ፣ እወ» እላለሁ።

ሳልሕም ቆርቆሮውን ጨረሰልኝ፤ ክዳኑ አልጠመመም። ቆቦ ሙቀት መሆኑን ስነግረው ደግሞ ለመድኃኒቱ ረጅም ክዳን ያለው ሌላ ጣሳ ሠራልኝ። «ምጽዋ ላይ እንዲህ ነው» አለኝ፤ «እንስራውን እስከ አንገቱ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ይቀብሩታል፤ ጣሳው ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ሲኦል ቢሄዱ እንኳ አይበላሽም።» የሠራበትን አልቀበልም ብሎ ተጣላን። ተጣልተን ተለያየን፤ እንደ ወንድማማች።

አሥራ ሁለተኛውና አሥራ ሦስተኛው ቀን።

መመለሻ። ወይዘሮ ለተብርሃን ስድስት ባኒና በጨርቅ ጥግ የተቋጠረ ስኳር ሰጠችኝ። አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ ሸኘችኝ። «ግርማ ሲመጣ ምን ልበለው?» አለችኝ። ብዙ ነገር ነበረኝ። «ቀበቶውን ወስጄዋለሁ በይው» አልኳት።

ስመለስ ሹፌሩን ያስቆምኩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። መቀሌ ላይ ያቺን ባልዲ ያስቀመጠችልኝን ሴትዮ ፈለግኋት፤ አገሯ ሄዳለች አሉኝ።

ቆቦ።

መጀመሪያ የሄድኩት የነፍስ አባቴ ዘንድ ነው። ነገሩን ከመደበር ጀምሬ ነገርኳቸው።

«ለስንት ቀን ነው ጠዋት የምትበላው?»

«እስክሞት።»

መስቀላቸውን አሳለሙኝ። «ብላ» አሉኝ በመጨረሻ። «የመድኃኒቱ ግማሽ ነው። ግን ጾም ጨርሶ አይቀርም። አንደበትህን ጹም።»

«አባ፣ ያኛው ይከብዳል።» 

«አውቃለሁ» አሉ።

ፈቃድ አገኘሁ ማለት ነው። ለመብላት ግን አፈርኩ። እናንተ ከጸሎት ስትመለሱ በደጄ ስለምታልፉ በሬን ዘግቼ፣ ወግቼ፣ የማሽላ ቂጣዬን ውጬ እወጣ ነበር። ከፊቴ ሳህን የሚያስቀምጥ የለም። ቤቴ መስኮት እንደሌለው ታውቃላችሁ። አንድ ጠዋት በጨለማው ሁለተኛዋ መስመር ነው ብዬ ሦስተኛዋ ድረስ ሳብኩ። ልወጋ ስል ልቤ ጠረጠረና ወደ በሩ ስንጥቅ አስጠግቼ አየሁት። ሦስተኛዋ ላይ ነው። ወግቼው ቢሆን፣ ወድቄ ቢሆን፣ በሩን ማን ይከፍተው ነበር?

በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት። ወንበሬን ደፉ ላይ አስቀመጥኩ፤ ቂጣዬን ከጎኔ። መርፌውን ወደ ፀሐይ አንስቼ የተረፈውን ሳፈስ ጥላ መጣብኝ። ካሣ ነው፤ ጎረቤቴ፤ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ።

«ጠዋት እኮ ነው» አለኝ፤ ቂጣውን እያየ። «ጾም እኮ ነው።»

እጄ ወደ ኪሴ ሄደ። አንደበቴን አስታወስኩ፤ ግን አልቻልኩም።

«ወይ ግባ ወይ እለፍ» አልኩት፤ «ብርሃኑን ጋርደኸኛል።»

አለፈ። ብርሃኑ ተመለሰ። ሁለተኛዋን ረጅም መስመር አየኋት፤ ወጋሁ፤ በላሁ።